አበባ ለቃሚዋ እማማ አፀደ

እማማ አፀደ እስከ ከሰዓት በኋላ ድረስ ደህና ነበሩ። ጠዋት ተነስተው ፊታቸውን ይታጠባሉ፣ ጸሎታቸውን ያደርሳሉ፣ ምራታቸው ፅጌረዳ የምታቀርብላቸውን ቁርስ "እግዜር ይስጥልኝ" ብለው ይበላሉ። ከዚያ ከልብስ ስፌት መኪናዋ አጠገብ ቁጭ ብለው የሚወድቀውን ቁርጥራጭ ጨርቅ እየሰበሰቡ ያጥፋሉ። ጭንቁ የሚመጣው ፀሐይ ወደ ዝዋይ ሐይቅ በኩል ማዘቅዘቅ ስትጀምር ነው። ያኔ እጃቸው ዕረፍት ያጣል። ነጠላቸውን ያጣፋሉ፣ ይፈቱታል፣ መልሰው ያጣፋሉ። በመጨረሻ ብድግ ይሉና፣

"በሉ እንግዲህ ደህና ሁኑ፤ ሊመሽብኝ ነው፤ ቤቴ ልግባ" ይላሉ።

"እማማ፣ ቤትዎ እኮ ይሄ ነው" ትላለች ፅጌረዳ ስፌቷን አቁማ።

"ኧረ ተይ አንቺ ልጅ! የሰው ቤት ውዬ ልደር? ጥጃዎቹን ማን ያስገባልኛል?"

ቤቴ የሚሉት ጢቾ ያለውን ነው። እዚያ ተወልደው፣ እዚያ ተድረው፣ እዚያ ልጆች ወልደው ኖረዋል። ባላቸው ሲሞቱ ልጃቸው ወንደሰን "ብቻሽን አትሆኚም" ብሎ አሰላ አመጣቸው። መጀመሪያ ላይ ኑሮው መልካም ነበር። ከጎረቤት ጋር ተላመዱ፣ ማኅበር ገቡ፣ ቤተ ክርስቲያን መሳም አያቋርጡም ነበር። ከዚያ መርሳት መጣ። መጀመሪያ የጣዱትን ድስት ረሱ፤ ቀጥሎ የሰው ስም፤ ቀጥሎ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤት የሚያመጣውን መንገድ። አንድ ቀን ፅጌረዳን ትክ ብለው አዩዋትና "ይቅርታ እመቤት፣ የማን ልጅ ነሽ?" አሏት። ያን ዕለት ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

ወንደሰን ከአሰላ ሳጉሬ የሚመላለስ ሚኒባስ ሹፌር ነው። ጎህ ሲቀድ ይወጣል፤ ሲመለስ እናቱ ደክሟቸው ጋደም ብለው ያገኛቸዋል። ግንባራቸውን ስሞ፣ "ዛሬ እንዴት ዋለች?" ብሎ ይጠይቃል። "ደህና ዋሉ" ትለዋለች ፅጌረዳ። ቀኑን ሙሉ መሪ ይዞ የዋለን ሰው በር ላይ በመከራ መቀበል አንጀቷ እንቢ ይላታል።

ፅጌረዳ ሐኪም ዘንድ ወስዳቸው ነበር። ሐኪሙ ረጋ ያለ ሰው ነው። እማማን እንደ እናቱ አክብሮ ካናገራቸው በኋላ ለብቻዋ ጠርቶ፣ "ይህ የመርሳት በሽታ ነው እህቴ፤ አድነዋለሁ ብዬ አልዋሽሽም" አላት። ለጭንቀታቸው ኪኒን አዘዘላቸው። ኪኒኑ ግን ጭንቀቱን ሳይሆን ጉልበታቸውን ወሰደው። ግቢ ውስጥ ተደናቅፈው ወድቀው ቅንድባቸው አበጠ። መልሳ ስትወስዳቸው ሐኪሙ ወዲያው አስቆመው። "አልተስማማቸውም፤ ይቅር። ከሰዓት በኋላ እጃቸውን ሥራ አታስፈቺው፤ የሚወዱት ነገር ካለ ፈልጊላቸው" አላት።

ምን እንደሚወዱ ግን ከየት ታምጣው? ጨርቅ ማጠፉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያህል ይይዛቸዋል፤ ከዚያ ወዲያ አይሆንም። ሌላ ብልሃት ሲጠፋት የግቢውን በር መቆለፍ ጀመረች። እማማ አፀደ የብረቱን በር በሁለት እጃቸው ይዘው እየነቀነቁ፣ "ክፈቱልኝ! የሰው ያለህ! ምን በደልኳችሁ?" ይላሉ። ጎረቤት ይሰማል። መንገደኛ ይቆማል። ፅጌረዳ ትከሻቸውን አቅፋ ትቆማለች፤ እሳቸው ይገፈትሯታል፤ ሁለቱም ያለቅሳሉ። ብርሃኑ ከጭላሎ ተራራ አናት ላይ ተጠራርጎ ሲጠፋ ነው የሚበርድላቸው።

እንዲህ ሆኖ ሳለ አንድ ቅዳሜ፣ የገበያ ዕለት ነው፣ ልብሷን ልትወስድ የመጣች ደንበኛ ስትወጣ በሩን ገርበብ አድርጋ ትታው ሄደች። ፅጌረዳ ክር ቀይራ ቀና ስትል የእማማ ወንበር ባዶ ነው። ጓዳ የሉም። ጓሮ የሉም። በሩን አየችው።

መቀሷን እንደያዘች ሮጣ ወጣች። ቤተ ክርስቲያን ሄደች፣ የሉም። መናኸሪያ ሄደች፣ ያየ የለም። በመጨረሻ አንድ የባጃጅ ሹፌር፣ "ነጠላ ያጣፉ፣ ቀጠን ያሉ እናት? በዚህ በታችኛው መንገድ ከከተማው ሲወጡ አይቻቸዋለሁ። ለጢቾ መኪና የት ይቆማል ብለው ጠየቁኝ" አላት። "ግባና ንዳልኝ ወንድሜ!" ብላ ዘላ ገባች። መንገዱን ሙሉ ስለቷን ስትደረድር ነበር። መኪና ያለበት አስፋልት ነው፤ ወንዝ አለ፤ ገደል አለ።

የከተማው ቤቶች አልቀው የገብስ ማሳው የሚጀምርበት ቦታ ሲደርሱ አንዲት ሻርፕ ያጣፋች ሴት መንገዱ ዳር ቆማ እጇን አወዛወዘች። ፅጌረዳ እንባዋን እንዳዘራች ከባጃጁ ስትወርድ ሴትየዋ ገና ሳትጠየቅ ገባት።

"እናትሽ ናቸው? ደህና ናቸው፤ እዚህ ናቸው። አትሩጪ፣ ትወድቂያለሽ" አለቻት። ስሟ አስያ ነበር።

ከአጥሩ ጀርባ፣ ከድንችና ከካሮቱ መደብ ቀጥሎ፣ ነጭ አበባ የሞላበት ማሳ አለ። አበባው ትንንሽ ነው፤ መሀሉ እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ፣ ዙሪያው ነጭ። እማማ አፀደ መሀሉ በርጩማ ላይ ቁጭ ብለዋል። ጭናቸው ላይ ሰፌድ አለ። ጣቶቻቸው የአበባውን አናት ብቻ ቀንጠስ፣ ቀንጠስ እያደረጉ ሰፌዱ ላይ ይጥላሉ። ያንጎራጉራሉ። አሥር ሰዓት አልፏል፤ ያ የጭንቅ ሰዓት ነው፤ ፊታቸው ግን ልክ እንደ ጠዋቱ ነው። ፅጌረዳ አጥሩን ተደግፋ ቆመች። ስንት ጊዜ ሆናት እንዲህ ካየቻቸው? አልቅሳ የመጣችው ሴት አሁንም አለቀሰች፤ ያሁኑ ግን እፎይ የሚያሰኝ ለቅሶ ነበር።

ነገሩን የነገራት የአስያ ባል ጉቱ ነው። ከማሳ ሲመለስ እማማን መንገድ ላይ ግራ ተጋብተው ያገኛቸዋል። በአማርኛ ቢያናግራቸው ተቆጡት፤ በኦሮምኛ "ነጋ ሀርሜ"፣ ሰላም እናቴ፣ ሲላቸው ግን ፊታቸው በራ። ጢቾ በልጅነታቸው ከጎረቤት ልጆች ጋር ሲጫወቱ የለመዱት ኦሮምኛ ወንዝ ሞልቶ እንደሚወርድ ከአፋቸው ወረደ።

"ሚስቴ አበባ ስትለቅም አዩዋት" አለ ጉቱ እየሳቀ። "ሰፌዱን ቀሟት! 'አንቺ አታውቂበትም፣ ግንዱን ትጎጂዋለሽ' ብለው ተቆጧት።"

"እውነታቸውን ነው፣ ቸኩዬ ነበር" አለች አስያ።

አስያ ሳታገባ በፊት አንድ የሻይ ቅጠላ ቅጠል እርሻ ውስጥ ትሠራ ነበር። ካሞማይል የሚባለውን ይህን አበባ የተዋወቀችው እዚያ ነው። ስታገባ ዘሩን በጨርቅ ቋጥራ አመጣች፤ እንደ ዱቄት የደቀቀ ዘር ነው። የአርሲ ብርድ ተስማማውና በቀለ። አድርቃ ለከተማ ሱቆች ትሰጣለች። ያን ዕለት ለፅጌረዳም አቀረበችላት። የፈላውን ውሃ ከእሳት አውርዳ ትንሽ አሳረፈችው፤ ከደረቀው አበባ በጣቶቿ ቆንጥራ ብርጭቆው ውስጥ ጨመረች፤ ውሃውን አፍስሳበት ወዲያው በሳህን ከደነችው።

"ለምን ትከድኚዋለሽ?" አለች ፅጌረዳ።

"ሽታው ነው መድኃኒቱ። ከተበተነ ሙቅ ውሃ ነው የምትጠጪው። እሳት ላይ አታንተክትኪው፤ ይመርራል።"

ስትከፍተው እንደ በሰለ ፖም ሸተተ። ፅጌረዳ ፉት አለችው። ደግማ ፉት አለችና እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች። አስያ እየነገረቻት ነው፤ ሆድ ሲነፋ፣ የወር አበባ ቁርጠት ሲኖር፣ እንቅልፍ እንቢ ሲል፣ ሐሳብ ሲበዛ ይጠጣል። ከዚያ ጣቷን አነሳች።

"ግን ለሁሉም ሰው አይደለም። አበባ ሲሸተው የሚያስነጥሰው፣ የሚያሳክከው ሰው አይንካው። እናትሽ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ሐኪማቸውን ጠይቂ። እኔ ገበሬ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ለእሳቸው ዛሬ የሰጠኋቸው ጥቂት ነው።"

ፅጌረዳ ጠየቀች። ሐኪሙ የእማማን ካርድ አገላብጦ፣ "ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ቢወስዱ ኖሮ አይሆንም እልሽ ነበር። ስለማይወስዱ ለስለስ ያለ አንድ ስኒ አይጎዳቸውም። ትዝታቸውን አይመልስም፤ ይህን ዕወቂ" አለ። ቀጥሎ ፈገግ አለ። "የበለጠ ደስ ያለኝ ልቀማው ነው። የሚወዱትን አገኘሽላቸው ማለት ነው።"

እንግዲህ ልማድ ሆነ። ምሳ ከበሉ በኋላ፣ ጭንቁ ሳይመጣ፣ ምራትና አማት በባጃጅ ወደ ታች ይወርዳሉ። አስያ ከሩቅ "ኮቱ ሀርሜ!"፣ ኑ እናቴ፣ ትላለች። እማማ በርጩማቸው ላይ ይሰየማሉ። የለቀሙትን አስያ ጥላ ሥር በአንሶላ ላይ ታሰጣለች፤ ፀሐይ ከነካው ቀለሙም ሽታውም ይሄዳል። ፅጌረዳ ዘርፍ የሚቋጠርለት ነጠላ ይዛ ትመጣና አጠገባቸው ቁጭ ትላለች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እማማ ያን ለስላሳ ሻይ ፉት ይላሉ፤ ከዚያ እጃቸውን ለፅጌረዳ ሰጥተው በሰላም ይመለሳሉ። በሩ መቆለፍ ቀረ። አንዳንድ ቀን ጭንቁ ብቅ ማለቱ አልቀረም፤ ግን እንደ ድሮው አልነበረም። ፅጌረዳም እንቅልፍ ወሰዳት። እንቅልፍ ምን ያህል ጠፍቷት እንደነበር ያወቀችው ሲመለስላት ነው።

ወንደሰን ነገሩን የሰማው ከሚስቱ አልነበረም። መናኸሪያ ውስጥ አንድ ሰው፣ "እናትህ የሰው ማሳ ላይ ቅጠል ሲለቅሙ አየናቸው፤ ምን ቸግሮህ ነው?" አለው። ያን ማታ ቤት ሲገባ ፊቱ ጠቁሯል።

"እናቴን የቀን ሠራተኛ አደረግሻት?"

"ወንደሰን፣ ቆይ ላስረዳህ..."

"ምኑን ነው የምታስረጂኝ? ስንት ሰው ስታበላ ስታጠጣ የኖረች ሴት በእርጅናዋ የሰው ማሳ ላይ ትዋል? ሰው ምን ይለኛል?"

"ሰው የሚለውን ተወውና እሳቸው የሚሉትን በአሥር ሰዓት መጥተህ ስማ።"

"ከነገ ጀምሮ አትሄድም። አበቃ።"

ፅጌረዳ አልተከራከረችም። የእናቱ ነገር ነው፤ የሱን ሐዘን ታውቀዋለች። በማግስቱ ቀሩ። ከሰዓት በኋላ እማማ በሩን ያዙ። በሦስተኛው ቀን ድምፃቸው እስኪዘጋ ጮኹ። ፅጌረዳ አስያ ከሰጠቻት ደረቅ አበባ ሙቅ ውሃ አፍስሳበት፣ ከድና ሰጠቻቸው፤ ብርጭቆውን ገፍተው ደፉት። ሻይ ብቻውን አልበቃም። ማሳው፣ ልቀማው፣ "ሀርሜ" የምትላቸው ድምፅ አብረው ካልሆኑ እሱም ሻይ ብቻ ነው።

በዚያው ሳምንት የሚኒባሱ ፍሪሲዮን ተበላሸ። ወንደሰን መኪናውን ጋራዥ አስገብቶ ከወትሮው በፊት ቤቱ ደረሰ። በሩን ሲከፍት እናቱ ብረቱን ይዘው ቆመው ነበር። ልጃቸውን አላወቁትም። እጁን ያዙት፤ ሊስሙት ጎንበስ አሉ።

"ጌታዬ፣ በወላዲቷ ይሁንብህ፣ አሳልፈኝ። ልጆች ትቼ ነው የመጣሁ። ወንዴ ገና ጡት አልጣለም፤ ርቦት ያለቅሳል።"

ወንደሰን ቆሞ ቀረ። ፅጌረዳ በረንዳው ላይ ሆና ታየዋለች። ብዙ ጊዜ የተናደደችበትን ሰው አሁን ሮጣ ልታቅፈው ፈለገች፤ ግን ተወችው፤ ይህ የእናትና የልጅ ነው። ወንደሰን የእናቱን ነጠላ አስተካከለላቸው።

"ኑ እማማ" አላቸው፤ አንቺ ብሎ ያደገ ልጅ እንደ እንግዳ ሰው አንቱ ብሎ። "እኔ አደርስዎታለሁ።"

ከዚያ ወደ ፅጌረዳ ዞረ። "የት ነው ያ ቦታ?" አላት።

አስያ ስታያቸው "የት ጠፋችሁ?" አላለችም። በርጩማውን ብቻ አቀረበች። እማማ ተቀመጡ፤ ሰፌዱን ጭናቸው ላይ አደረጉ፤ ጣታቸው ሥራውን አገኘ። ትንፋሻቸው ሲረጋጋ ወንደሰን ቆሞ እያየ ነው። ቀስ ብሎ አጠገባቸው ቁጢጥ አለና አንድ አበባ ሳብ አደረገ፤ ከነግንዱ ተነቅሎ መጣ።

"ተው አንተ ልጅ!" አሉ እማማ እጁን መታ አድርገው። "ነቅለኸው ነገ ምን ልትለቅም ነው? አናቱን ብቻ። እንዲህ።" ጣቱን ይዘው አሳዩት። ቀና ብለው ፊቱን አዩት፣ አዩት። "አባትህን ትመስላለህ" አሉት።

ወንደሰን አንገቱን ደፍቶ ለቀመ። ጉቱ መጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ፤ እሱም መልቀም ጀመረ። ሲጨርሱ ወንደሰን ተነሳና፣ "ኦቦ ጉቱ፣ እኔ ሳላውቃችሁ ብዙ ተናግሬአለሁ" አለ።

"እኛ አልሰማንም" አለ ጉቱ። "እናትህ ቤታችንን ሞቅ አድርገውልናል። ልጆቻችን ከተማ ናቸው፤ አስያ ቀኑን ሙሉ የምታናግረው ሰው አልነበራትም። አሁን ስትስቅ ከማሳ ሆኜ እሰማታለሁ።"

ክረምት ሲገባ አበባው አለቀ፤ ማሳው ጭቃ ሆነ። ፅጌረዳ ፈርታ ነበር። አስያ ግን የደረቀውን አበባ በከረጢት አስይዛ ወንደሰንን ሰደደችው፤ "ሀርሜ ገለባውን ይልቀሙልኝ" ብላ። እማማ ክረምቱን ሙሉ ስፌት መኪናው አጠገብ ሰፌድ ይዘው ያበጥራሉ፣ ይለቅማሉ። አስያም ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ ወደ ላይ ትመጣለች፤ ሁለቱ በኦሮምኛ ያወጋሉ። ክፍሉ አበባ አበባ ይሸታል። "ፅጌ፣ ልብሴ ላይ ምን ሽቶ ነው የነፋሽበት?" ይላሉ ደንበኞቿ። የጎረቤት ሴቶች አንድ አንድ ብለው መጥተው ቁጭ ይላሉ፤ አንዷ የሆድ ቁርጠት አላት፣ አንዷ ልጇ ርቆ ሄዶ ሐሳብ ገብቷታል። ፅጌረዳ እየከደነች ታቀርብላቸዋለች፤ የሚያሳክካቸው እንዳይኖር እየጠየቀች። በሩን ይዘው ሲጮኹ የሰሙ ሰዎች አሁን እማማ አጠገብ ተቀምጠው ሰፌድ ይዘው ያግዟቸው ጀመር።

ለኢድ ፅጌረዳ ለአስያ ቀሚስ ሰፋችላት። እጅጌው ላይ ነጭና ቢጫ ክር ጠለፈችበት። አስያ ለብሳው ዞር ዞር ስትል እማማ አጨበጨቡ፤ "ሙሽራ ናት! ማነው የሚድራት?" አሉ። ሁሉም ሳቁ፤ አስያ ግን ሄዳ ጉልበታቸውን ሳመች።

እማማ አፀደ ከዚያ ወዲያ ሌላ ሁለት በጋ ለቀሙ። ኋላ ኋላ ቃል ጠፋባቸው፤ አማርኛውም ኦሮምኛውም ሄደ። ፈገግታቸው ብቻ ቀረ። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ጥቅምት ላይ፣ አልጋቸው ላይ ጋደም እንዳሉ፣ አንድ እጃቸው በልጃቸው፣ አንድ እጃቸው በምራታቸው እጅ ውስጥ እንዳለ፣ ሳይጨነቁ አረፉ። ሐኪሙ ኋላ እንደ ነገራት፣ በዚህ በሽታ የተያዘ ሰው ሁሉ እንዲህ ያለ ማለፊያ አያገኝም።

ግቢው ድንኳን ተተከለበት። ከጢቾ ዘመድ መጣ፣ ከሳጉሬ የወንደሰን የሥራ ባልደረቦች መጡ። ጉቱና አስያ ሲገቡ ወደ ኋላ፣ ከበሩ አጠገብ ሊቀመጡ ሲሉ ወንደሰን አያቸው። ከቤተ ዘመዱ መሀል ተነሳ። ጉቱን በክንዱ ይዞ አምጥቶ ከጎኑ አስቀመጠው። አንድ የጢቾ አጎቱ፣ "እኒህ ደግሞ ማን ናቸው?" ብለው በሹክሹክታ ጠየቁት።

ወንደሰን በሹክሹክታ አልመለሰም። "እናቴን ያስታመሙልኝ ሰዎች ናቸው" አለ፤ ድንኳኑ ሁሉ ሰማ።

አስያ ትልልቅ ፔርሙዞች ይዛ መጥታ ነበር። ከሴቶቹ ጋር ሆና ታንቆረቁር፣ ትከድን፣ ታድል ጀመር። ሲያለቅሱ የዋሉ፣ ራሳቸውን ያመማቸው፣ ዓይናቸው ያበጠ ዘመዶች ብርጭቆውን እየተቀበሉ ፉት አሉ። ድንኳኑ ቀስ እያለ ጸጥ አለ፤ ሰው እርስ በርሱ ማውጋት፣ ስለ እማማ ማንሳት ጀመረ። ፅጌረዳ ብርጭቆ ልትቀበል ስትቀርብ አስያ በሻርፗ ጫፍ እንባዋን ጠረገችላት።

"ገለቶሚ" አለቻት ፅጌረዳ በኦሮምኛ።

"እኔ ነኝ የማመሰግነው" አለች አስያ። "እኔ እናት አገኘሁ።"

ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ፅጌረዳ በሐዘኗ መሀል ልቧ ሙሉ እንደነበር ተሰማት። ያቺ በሩን ገርበብ አድርጋ የሄደች ደንበኛ፣ ያ የባጃጅ ሹፌር፣ ያ ሐኪም፣ እኚህ ባልና ሚስት፣ ሁሉም በየፊናቸው አንዲት አሮጊት ተቀብለው በክብር ሸኙላት። "ተመስገን" አለች በለሆሳስ፤ የብርጭቆዋንም ክዳን ከፍታ እንፋሎቱን በረጅሙ ማገችው።